ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

የትኛውም ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ብትታዘቡ አንድ የማይቀር ነገር ታያላችሁ። አይሱዙ ወይም ሚኒባስ አንድ ጎኑ ከፍ ብሏል። ከሻንሲው ሥር የሁለት ሊትር ሃይላንድ የሚያክል ብረት ቆሟል። ከመኪናው ሥር ደግሞ ሁለት የሰው እግር ወጥቶ ይታያል። የእግሮቹ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ከእኔም ከእናንተም በዕድሜ ያንሳል።

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ በትናንሽ ሥራዎች ውስጥ ገንዘብ እንዴት እንደሚዞር ማየት ይማርከኛል። ሰሞኑንም አንድ ጎሚስታ ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ። የሄድኩት ስለ ጎማ ዋጋ ልጠይቅ ነበር። ዓይኔ ግን ከክሪኩ ላይ አልነሳ አለ።

«ትንሽ እንኳ አያስፈራህም?» አልኩት ልጁን፣ ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ።

«ምኑ?»

«ክሪኩ ቢከዳህስ?»

«ብሮ፣ ሃያ ቶን እኮ ነው!» ብሎ በእግሩ ነካ አደረገው።

እውነቱን ነው፤ ጎኑ ላይ «20 ቶን» የሚል ተለጥፎበታል። ባዶ አይሱዙ ኤንፒአር የዚያን ሩብ እንኳ አይመዝንም። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ቁጥሩ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። «20 ቶን» ማለት «ይህን ያህል ከፍ ማድረግ እችላለሁ» ማለት ነው። «ከፍ አድርጌ ይዤ እቆያለሁ፣ አንተም ገብተህ ተኛ» ማለት አይደለም። የክሪክ ጉዳይ በሙሉ እዚህ ልዩነት ላይ ነው ያለው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ሃይስኩል ፊዚክስ ላይ ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ ታስታውሱ ይሆናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ብትጫኑት ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። በ1795 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ ቁልፍ ሠሪ በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ መጭመቂያ ማሽን ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በየሹፌሩ ወንበር ሥር የተወሸቀው ክሪክ የዚያ ማሽን የልጅ ልጅ ነው።

ውስጡ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ፒስተን አለ። ትንሹ ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የትልቁ ገጽ የትንሹን 25 እጥፍ ይሆናል። በማንሻው ዘንግ ጫፍ 20 ኪሎ ያህል ስትጫኑ ዘንጉ ራሱ አሥር እጥፍ አድርጎት 200 ኪሎ ይሆናል። 200 ሲባዛ በ25 ስትሉት 5 ቶን! እጃችሁ ላይ ያለው የአንድ ጀሪካን ውሃ ክብደት ብቻ ነው። ለዚህ የምትከፍሉት ዋጋ ጊዜ ነው፤ ትንሹ ፒስተን 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ትልቁ ከፍ የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሲነሳ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። ጎማ ስታስነፉ «32 አድርግልኝ» ትሉ የለ? በዚያው መለኪያ ብንለካው፣ 5 ቶን የተሸከመው የዚያ ክሪክ ዘይት 3,600 ገደማ ይደርሳል። ከጎማው ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ግፊት አፍኖ የያዘው ምንድን ነው? አንዲት የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን የሚሏት፣ እና መልቀቂያ ቫልቩ ሥር በቀዳዳዋ ልክ የተቀመጠች የብረት ኳስ። ቀለበቷ ካረጀች ወይም ከኳሷ ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ዘይቱ መንገድ ያገኛል። አምስቱ ቶን የቆመው ብረት ላይ ይመስለናል፤ የቆመው ግን ፈሳሽ ላይ ነው።

ደግሞ ዘይቱ ሲጎድል ያገኙትን የሚጨምሩ አሉ። በተለይ የፍሬን ዘይት መጨመር ክሪኩን በቁሙ መግደል ነው። የክሪክ ጓርኒሲዮን የሚሠራው ለሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ስሪቱ ሌላ ስለሆነ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋልም። ችግሩ በዚያው ቀን አይታይም። ሳምንታት ቆይቶ፣ ሌላ ሰው ከሥር በተኛበት ቀን ሊታይ ይችላል።

ዘይት ሲያፈስ ግን ብዙ ጊዜ መኪናው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ያስጠነቅቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መንሸራተቱ ነው። ጠርሙስ የሚመስለው ክሪክ ራሱ ጠባብ፣ እግሩም ጠባብ ነው። ወደ ላይ ሲገፉት ጎበዝ ነው፤ ወደ ጎን ሲገፉት ግን አቅም የለውም። መኪናው አንድ ስንዝር ወደ ፊት ከተንከባለለ ክሪኩ ይጋደማል። ዘይቱም ጓርኒሲዮኑም ደህና ሆነው ሳለ መኪናው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌሮች የሚተማመኑበት የእጅ ፍሬን አለ። በብዙ የቤት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ጎማዎች ነው። ስለዚህ የኋላውን ስታነሱ ከያዦቹ አንዱ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። በአይሱዙ ኤንፒአርና በመሰሎቹ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእነሱ ላይ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ስታስለቅቁ ዲፍረንሻሉ አየር ላይ ያለውን ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ላይ ያለውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲዞሩ ይፈቅድላቸዋል። የእጅ ፍሬኑ እስከ ጥጉ ተስቦ እያለ መኪናው ይንከባለላል። ማርሽ አስገብቶ ማቆምም ከዚህ አያድንም፤ ምክንያቱ ያው ነው። የሚያድነው ታኮ ነው። መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ በደንብ የገባ ታኮ። የታክሲ ረዳቶች ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ድንጋይ ይዘው የሚሮጡት ዝም ብለው አይደለም!

«ቶሎ እወጣለሁ» ያለኝም ያው ልጅ ነው። እስቲ እናስላው። በደረቱና በመኪናው መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ እንበል። ድጋፉን ያጣ ነገር ያንን ርቀት ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ሰውነቱ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ራሱ ይህንኑ ያህል ይወስድበታል። መጀመር ነው ያልኩት፤ መውጣት አላልኩም። ፍጥነት፣ ልምድ፣ ጉብዝና እዚህ ቦታ የላቸውም።

ክፍል ውስጥ አደገኛ ሥራ ከፍ ያለ ደመወዝ ያስከፍላል ተብለን ተምረናል። ሠራተኛው ለሚሸከመው አደጋ ካሳ ይጠይቃል፣ ገበያውም ይከፍለዋል። ታዲያ ከመኪና ሥር የሚተኛው ልጅ ለምን ከሁሉም ያነሰ ይከፈለዋል? የሚገርመው አዳም ስሚዝ ራሱ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ መልሱን ነክቶታል። ወጣቶች በድፍረትና በብልሃት አመልጠዋለሁ ብለው የሚያስቡት አደጋ ከሥራው አያርቃቸውም፤ ደመወዝም አያስጨምርም ይላል። እንዲያውም አንዳንዱን ይስበዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በፊት የተጻፈ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ልጁ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚያመልጠው ስለመሰለው ነው ዋጋ ያልጠየቀበት።

መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፤ የሚያበሳጨኝም ይኼ ነው። ክሪኩ ካነሳ በኋላ ሻንሲው ሥር የሚገባ፣ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው የብረት መቆሚያ አለ። ውስጡ ዘይት የለም፣ ጓርኒሲዮን የለም፣ የሚያፈስ ነገር የለም። በፒን ወይም በጥርስ ይቆለፍና ጭነቱ ብረት ላይ ያርፋል። ሁለቱ ተደምረው ዋጋቸው ከአንድ አዲስ የአይሱዙ ጎማ በብዙ ያንሳል። የቤቱ ባለቤት ጥግ ላይ አቧራ የጠጡ ሁለት መቆሚያዎች አሏቸው። ለሙከራ እንዲያስገቡልኝ ለምኜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ አስገብቶ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርጎ፣ መኪናውን በእጅ ነቅነቅ አድርጎ ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ሁልጊዜ አይጠቀሙባቸውም?»

«ልጄ፣ ሹፌሩ ቆሞ መቼ ይጠብቅሃል? እዚህ ሁለት ደቂቃ፣ እዚያ ሁለት ደቂቃ… ማዶ ያለው ጎሚስታ ይወስደዋል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሒሳባቸው ነው እንደዚያ የሚላቸው። ሁለቱን ደቂቃ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ በሁለቱ ደቂቃ የሚተርፈው የልጁ ደረት ነው። ከፋዩና ተጠቃሚው ሲለያዩ ርካሽ ነገር እንኳ ውድ ይመስላል። ማዶ ያለውም ጎሚስታ እንዲሁ እያሰበ ነው። ሁሉም ቢጠቀሙ ማንም ደንበኛ አይቀማም ነበር፤ ግን መጀመሪያ የሚጀምረው ይከስራል ብለው ሁሉም ይተዋሉ።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለመፍታት ነው ሕግ የሚወጣው፤ ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉትንም ሕይወታቸውን ወይም ጤናቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። የሥራውን ቦታ አደጋ እንዳያደርስ አድርጎ መያዝም የአሠሪው ግዴታ ነው። ግን «ሙያ ይልመድ» ተብሎ በዘመድ በኩል የመጣ ልጅ ውል የለው፣ ፔሮል ላይ የለ። አዋጁ ይህን ልጅ በምን ያገኘዋል? እኔ ከሕጉ ይልቅ ተስፋ የማደርገው ደንበኛው ላይ ነው። መኪናችሁን ስትሰጡ «መቆሚያ አስገባ፣ እጠብቃለሁ» ማለት ትችላላችሁ። ሁለት ደቂቃውን ደንበኛው ከፈለ ማለት ነው፤ ባለቤቱ የሚፈሩት ነገር አበቃ።

መንገድ ላይ ጎማ ለሚፈነዳባችሁ ደግሞ አንድ የምሥራች አለ። ጎማ ለመቀየር ከመኪና ሥር መግባት በፍጹም አያስፈልግም። እጅም፣ ጭንቅላትም፣ እግርም። ሰው ሁሉ ከመኪናው ይውረድ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ፣ መኪናው መንዳት የሚቻል ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁ ሜዳ ፈልጉ፤ የጎማው ቸርኬ ቢጎዳም ይጎዳ። ሜዳ መሆኑን በዓይናችሁ ካላመናችሁ ስልካችሁ ላይ ውሃ ልክ አለ፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ እዩት። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እያለ አላሉ። ካነሳችሁ በኋላ በሙሉ ጉልበት ስትታገሉ መኪናውን የምትገፉት ወደ ጎን ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ክሪኩ አቅም እንደሌለው አይተናል። መለዋወጫ ጎማውን እስክትገጥሙት ድረስ ሻንሲው ሥር አስተኙት። ክሪኩ ቢጋደም መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፤ የማንም እጅ አይያዝም።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ፣ ወደ ጋላፊ የሚመላለሱ ሹፌሮች አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው፤ ሙቀት። ቀትር ላይ አስፋልቱ ስለሚላላ የክሪኩ ጠባብ እግር እየሰመጠ ያዘነብላል። ከአስፋልቱ ውጪ ደግሞ አሸዋ ነው። ወፍራም ሰፊ ሳንቃ ከሥሩ ማስገባት ይህን ይፈታል፤ አንድ ቁራጭ ይዞ መጓዝ ብዙ ቦታ አይወስድም። ብሎኬት ግን አደራ! ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ሲሸከም ሸክሞ ድንገት ይፈረከሳል፣ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። መቆሚያ ከጠፋ ወፍራም እንጨት አንዱን በአንዱ ላይ አግድም እየደራረቡ መካብ ከብሎኬት ስንት እጅ ይሻላል።

ከመኪናው ሥር ያለውን ነገር ማየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ጭንቅላታችሁን ሳይሆን ስልካችሁን ላኩ። መብራቱን አብርታችሁ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ በዘንግ ላይ አስራችሁ አስገቡት። ስልክ ቢጨፈለቅ ሌላ ይገዛል።

ገልባጭ መኪና ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን የጠራነው መንገድ ላይ ባየነው ነገር ነው፤ ቆሞ ስላለው ግን ማንም አያወራም። የጭነት ሳጥኑ ተነስቶ ሲቆም ያቆመው ያው ዘይት ነው። ከሥሩ ገብቶ የዘይት ቱቦ የሚፈታ መካኒክ ሳጥኑን የያዘውን ነገር በገዛ እጁ እየለቀቀ ነው። ሳጥኑን በብረት ድጋፍ ሳያስሩ ከሥሩ መግባት የለም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ደግሞ ቱቦ የት ጋ እንደሚያፈስ በእጅ መዳበስ የተለመደ ነው። በመርፌ ቀዳዳ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲታይ ትንሽ የመርፌ ምልክት ነው፣ ብዙም ላያምም ይችላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ያበላሻል፤ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ፕላስተር ለጥፎ ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቁስል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሄዶ «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ መናገር ይገባል። ማፍሰሻውን ለማግኘት እጅ ሳይሆን ቁራጭ ካርቶን ማስጠጋት ይበቃል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ጎሚስታ ቤቶቻችን ገና ለዚህ አልተዘጋጁም። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወለሉ ሥር በሙሉ ባትሪ ነው። ልጁ እንደለመደው መሃል አካባቢ ጠንካራ የመሰለውን ቦታ ፈልጎ ክሪክ ካስገባ የሚገፋው የመኪናውን ውድ ዕቃ ነው፤ የተጎዳ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ማንሻ ቦታዎቹ አራት ናቸው፤ ከበሮቹ ሥር በጎማዎቹ አጠገብ ምልክት አላቸው። መመሪያው በቻይንኛ ከሆነ የስልካችሁን ካሜራ በመተርጎሚያ ከፍታችሁ ገጹን አንብቡ፣ ፎቶ አንስታችሁም አስቀምጡት። ጎሚስታ ቤት ስትደርሱ ፎቶውን ቀድማችሁ አሳዩ። መኪናው በባትሪው ምክንያት ከመሰሎቹ እንደሚከብድም ንገሩት።

ያገለገለ ክሪክ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ለምትወርዱም አንድ ነገር ልበል። ቀለሙን አትዩ፤ ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል። ፒስተኑን እስከ ላይ አስወጥታችሁ ጭረትና ዝገት እንዳለው በጣታችሁ ዳብሱት፤ ጓርኒሲዮኑን የሚበላው ያ ጭረት ነው። መልቀቂያው ዙሪያ እርጥበት ካለ ተዉት። ከዚያ እዚያው ያለ መኪና አንስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ማንም ሰው ከሥር ሳይገባ። የመኪናው ጠርዝ ከመሬት ስንት እንደሆነ በሜትር ለኩና አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ደግማችሁ ለኩ። ወደ ታች ከወረደ መልሱን አገኛችሁ። ሻጩ «አሥር ደቂቃ ሙሉ ምን ልሠራ ነው?» ካላችሁ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ክፍት ነው።